ስለ ሬዲዮና ስለ ጣና ዳር ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ቤታችን ውስጥ አንድ ሬዲዮ ነበረ። ቡናማ የቆዳ ልባስ ያለው፣ ዳንቴል የተደረበበት፣ ልጅ እንዳይነካው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ። ስለሱ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። የእህቴ ልጆች የሚጠይቁኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ወሬ የጀመርኩት ሰው የሚጠይቀኝ፣ ቡና ላይ የሚነሳው ሁሉ እዚህ አለ። ቅደም ተከተል ግን አትጠብቁ።

ሬዲዮን የፈለሰፈው ማርኮኒ አይደለም እንዴ?

ትምህርት ቤት የተማርነው እሱን ነው። ፈተና ላይም "ማርኮኒ" ብሎ የጻፈ አይወድቅም። ነገሩ ግን እንደ ደቦ አጨዳ ነው። ብዙ ሰው ገብቶበታል፤ ስሙ የቀረው የአንዱ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጣው ጽሑፍ፣ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ በሒሳብ አሳየ። ሞገዱን በእጁ አልያዘውም፤ ወረቀት ላይ ነው ያገኘው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ አመነጨው፣ መልሶም ተቀበለው። ዛሬ ጋዜጠኛው "ሜጋ ኸርዝ" ሲል የምትሰሙት የዚህ ሰው ስም ነው። ከዚያ ሕንድ ላይ ጃጋዲሽ ቦዝ፣ ሩሲያ ላይ አሌክሳንደር ፖፖቭ፣ አሜሪካ ላይ ኒኮላ ቴስላ በየፊናቸው ተያያዙት።

ጉሊየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ጣልያን ውስጥ ከአባቱ ቤት ተነስቶ ምልክት ከኮረብታ ማዶ ላከ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ ሄዶ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማሁ አለ። የተላከው በነጥብና በሰረዝ በሚጻፈው የሞርስ ኮድ "ኤስ" ፊደል ነው፤ ሦስት ነጥብ። እውነት ሰምቷል ወይ ብለው ዛሬም የሚጠራጠሩ አሉ። ያኔ እኛ ከአድዋ ከተመለስን ስድስት ዓመት አልሞላንም።

ማርኮኒ ከሌሎቹ የሚለየው ነጋዴም ስለነበር ነው ባይ ነኝ። ሌሎቹ ሞገዱን ሲያጠኑ እሱ ለመርከብ ኩባንያ ይሸጠው ነበር።

ድምፅ ያለ ሽቦ እንዴት ይመጣል?

ልጅ ሆኜ ጋዜጠኛው "በአጭር ሞገድ" ሲል የጣናን ሞገድ የሚል ይመስለኝ ነበር። ድምፁ በውሃው ላይ ተንከባሎ የሚመጣ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳና ሐይቁ ሲናወጥ ሬዲዮውም ሲንኮሻኮሽ "ይኸው!" እል ነበር። ሳስበው ያን ያህልም አልተሳሳትኩም። ጣና ላይ ድንጋይ ብትጥሉ ሞገዱ እየሰፋ ይሄዳል። ዳር ላይ ያለ ቅጠል ይነቃነቃል። ድንጋዩ ግን ከቅጠሉ ጋር አልተነካካም። የሬዲዮ ማሰራጫም እንዲሁ ነው፤ የሚናወጠው ግን ውሃ አይደለም። አየርም አይደለም። የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል ነው፤ ባዶ ጠፈር ውስጥም ይሄዳል።

ሞገዱ ብቻውን ዝም ያለ ነው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ታንኳ አስቡ። ታንኳው ተሸካሚው ሞገድ ነው፤ እንጨቱ የጋዜጠኛው ድምፅ። እናንተ ቤት ያለው ሬዲዮ እንጨቱን አውርዶ ታንኳውን ይሸኛል። ድምፁ ሞገዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲጫን ኤ ኤም ይባላል። ድግግሞሹን ፈጠን ዘገም እያደረገ ሲጫን ኤፍ ኤም ነው። ሁለተኛውን ለማሰራጫ እንዲሆን አድርጎ ያቀረበው አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933።

ፍጥነቱን በከተማችን ልለካው። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ቀጥታ በአየር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ጩኸት እዚህ ድረስ የሚሰማ ቢሆን 15 ደቂቃ አልፎት ነበር የሚደርሰው። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል።

"31 ሜትር ባንድ" የሚሉት ምኑ ነው 31 ሜትር የሆነው?

ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ያለው ርቀት። "አጭር ሞገድ" መባሉ ያስቃል፤ የኤፍ ኤም ሞገድ 3 ሜትር ገደማ ነው። ስሙ የወጣው ድሮ በመቶዎችና በሺዎች በሚቆጠር ሜትር ሞገድ ይጠቀሙ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ አንፃር 31 ሜትር አጭር ነበር።

ከሬዲዮ በፊት ጣና ዳር ሰው ወሬ ከየት ይሰማ ነበር?

ከገበያ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ። ከአዝማሪ። ከመንገደኛ። ከታንኳ ቀዛፊ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአዋጅ ነጋሪ። ነጋሪት ተጎስሞ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይባል ነበር። ይህን አባባል ልብ በሉልኝ። መልእክቱ ሁሉ ጋ እንደማይደርስ መንግሥትም ያውቀዋል። ቀሪውን ሥራ ለሰሚው አደራ ይሰጣል። ሰሚው ደግሞ በመንገዱ ላይ ጥቂት ይጨምርበታል፤ ሰው ነውና።

ባሕር ዳር ያኔ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ የምትባል ትንሽ መንደር ነበረች። አንድ ወሬ ከሸዋ ተነስቶ እዚህ ለመድረስ በበቅሎና በእግር ሳምንታት ይፈጃል። ክረምት ላይ ዓባይ ሲሞላ ደግሞ የባሰ ነው።

ዘገምተኛ ወሬ ለባለሥልጣን ይመቸዋል። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ማርኮኒ "ሰማሁ" ካለበት ዕለት ልክ 12 ዓመት በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ተሸሽጎ ቆየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ግን ነገሩ በሬዲዮ ታወጀ። ሬዲዮ ያለው የጣና ዳር ሰው የሰማው አዲስ አበቤው በሰማበት ቅጽበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 61 ዓመትና አንድ ሣጥን ነው።

ሬዲዮ ኢትዮጵያ ውስጥ መቼ ጀመረ?

እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጣልያን ሊወርረን ባኮበኮበበት ዓመት። አዲስ አበባ ውስጥ "ነፋስ ስልክ" የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው። ሽቦ የሌለው፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። እኔ ከዚህ የተሻለ ስም አልሰማሁም። ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

ከዚያ በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ መጣ። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካም ለእስያም ያሰራጭ ነበር። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ወረሰው። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1982 ነው። ባሕር ዳር ራሷ ድምፅ አውጪ የሆነችው ዘግይታ ነው። ዛሬ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው፤ የከተማ ኤፍ ኤምም አለው።

ገበሬና አሣ አስጋሪ እጅ የገባውስ እንዴት ነው?

በትራንዚስተር። ይህን መልስ ብዙ ሰው አይጠብቀውም። የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች በውስጣቸው እንደ አምፖል የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሯቸው። ትልቅ ናቸው፣ ውድ ናቸው፣ መብራት ይፈልጋሉ። ባሕር ዳር ደግሞ ከጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት ያገኘችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ደቅ ደሴት ላይ ያለ ሰው ስለዚህ ምን አገባው?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች ትራንዚስተርን ፈጠሩ። አንዲት ትንሽ ነገር የቱቦውን ሥራ ሠራች። በ1954 የመጀመሪያው የኪስ ትራንዚስተር ሬዲዮ ገበያ ወጣ። ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ጊዜ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ቀጥሎ ጃፓኖች ገቡበት፤ ሶኒ አነሳው። ዋጋው ወረደ። እኛ ጋ ሲደርስ ፊሊፕስ፣ ናሽናል፣ ሶኒ እየተባለ ይጠራ ነበር። ብዙ ቆይቶ ትንሿ የቻይና ቴክሱን መጣች። ያቺ ሬዲዮ እረኛው ኪስ ውስጥ ገባች።

"ድንጋይ" የሚሉት ባትሪውን ነው?

አዎ፤ ልጆች ግራ የሚጋቡበት ነገር ነው። እኛ ዘንድ "ባትሪ" ማለት በጨለማ የሚበራው ነው። ውስጡ የሚገባው "ድንጋይ" ነው። ሬዲዮም ድንጋይ ይበላል። "ሬዲዮው ድንጋይ በላብኝ" ይባላል፤ እንደ ቀማኛ በሬ።

ድንጋይ ውድ ነው፤ ስለዚህ ጥበብ ነበረበት። ድምፁ መድከም ሲጀምር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት። አያቴ ዘጌ ከደረቀ ቡናዋ አጠገብ ታሰጣው ነበር። ጥቂት ሙቀት ሲያገኝ ውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ይነቃና ለአንድ ምሽት ያህል ይሠራል። ልጆች ጥርስ ውስጥ ከተው ይነክሱታል። ይህኛውን አታድርጉት፤ የሚፈሰው ነገር አፍ ያቃጥላል። ለማንኛውም ቤት ውስጥ ሕግ ነበር። ዘፈን በድንጋይ አይሰማም። ድንጋይ ለዜና ነው።

እኔ ይህን ሕግ ጥሼ ተይዣለሁ። ዝርዝሩ ይቅር።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ላይ ሬዲዮ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ምንድነው?

ብዙ ሰው "ዜና" ይላል። የኔ መልስ ሰዓት ነው።

አያቴ ሰዓት አታውቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ታውቅ ነበር። ዶሮ ሲጮህ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ከብት ሲገባ፣ ጀንበር ሐይቁ ላይ ስትዘቀዝቅ። ይህ ሰዓት ግን የየሰፈሩ ነው። ደመና ሲሆን ይጠፋል። ክረምት ላይ ጥላ የለም። ሁለት ሰው "ጀንበር ስትዘቀዝቅ እንገናኝ" ብለው ቢቀጣጠሩ አንዱ ሌላውን ለረጅም ጊዜ ቢጠብቅ ማንም አልተሳሳተም።

ሬዲዮው ሲመጣ ጋዜጠኛው "ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆነ" አለ። አለቀ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ዘጌም፣ ጎርጎራም፣ ደቅም፣ አዲስ አበባም። አባቴ የእጅ ሰዓቱን ቁልፍ ይዞ ይጠብቅና ቃሉ ሲወጣ ጫን ያደርገዋል። ሰዓቱ ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ይዘገይ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳናውቅ ቀረን።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ከፓሪሱ የኤፍል ማማ ላይ ለመርከቦች የሰዓት ምልክት በሬዲዮ መላክ ተጀመረ። መርከበኛ ትክክለኛውን ሰዓት ካላወቀ ባሕር ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት እንዳለ ማስላት አይችልም። በ1924 ደግሞ ቢቢሲ ሰዓት ሲሞላ ስድስት አጫጭር ጢጥታ ማሰማት ጀመረ። ዘፈንና ወሬ ሬዲዮን ተወዳጅ አድርገውት ይሆናል። ሰዓት ግን አስፈላጊ አደረገው።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ከሌላም ጋር ገጠመ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተከፈተ። ፋብሪካ ደግሞ ፈረቃ አለው። ፈረቃ "ጥላ ሲዞር" አይባልም። ከገጠር መጥቶ ፋብሪካ የገባ ሰው ሬዲዮ ያለበትን ቤት ግድግዳ ተጠግቶ ቢከራይ አይገርምም። ጠዋት የጎረቤት ሬዲዮ ይቀሰቅሰዋል።

ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ሕዝቡ ሰዓቱን ተቀብሎ መልሶ የራሱ አደረገው። አያቴ "ሁለት ሰዓት" አትልም። "ከዜና በፊት ላሟ ትታለብ" ትላለች። "ዜና ሲያልቅ እራት ይቅረብ" ትላለች። ዜናው ራሱ እንደ ደወል ሆነ። ምን እንደተባለ አንዳንዴ አታዳምጥም። ድምፁን ሰምታ ምድጃው ላይ ውሃ ትጥዳለች።

ሴቶችንስ እንዴት ነካ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ሴቶች ራሳቸው ናቸው። ጋዜጣ ፊደል ይፈልጋል። ዓይን ይፈልጋል፣ እጅ ይፈልጋል፣ የተቀመጠ ሰው ይፈልጋል። ሬዲዮ ጆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥጥ እየፈተሉ ይሰማል፤ ወጥ እያማሰሉ ይሰማል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ስለ ወባ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እህል ዋጋ ከወንዱ እኩል ሰማች። ከገበያ ሲመለስ "ጤፍ ዋጋው ወድቋል" ብሎ ሊሸውዳት የሚሞክረውን ነጋዴ "በሬዲዮ እንዲህ አላሉም" ብላ ትመልሰዋለች። ያቺ ቃል ቀላል አይደለችም።

ሬዲዮኑን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ብዙ ጊዜ አባት ነበር። ይህም መነገር አለበት።

አሣ አስጋሪውና ጀልባው ላይ ያለውስ?

በባሕር ላይ ሬዲዮ ዋጋው የታየው በ1904 ዓ.ም. ነው። ታይታኒክ የምትባለው መርከብ ሌሊት ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች። ሬዲዮ ኦፕሬተሮቿ ለእርዳታ ጮኹ። ካርፓቲያ የምትባል መርከብ ሰምታ ደረሰች፤ ከ700 በላይ ሰው አዳነች። 1,500 ገደማ አለቀ። አቅራቢያዋ የነበረች ሌላ መርከብ ግን ኦፕሬተሯ ሬዲዮውን ዘግቶ ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መርከቦች ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው እንዲኖራቸው ሕግ ወጣ።

ጣና እንደዚያ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ። በደንገል ታንኳ ላይ ማስተላለፊያ ሬዲዮ የጫነ ሰው አላየሁም። መቀበያው ግን አለ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከመረቡ ራቅ ብሎ። ከዚያ ደግሞ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ክረምት ሲገባ መብረቅ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል። ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ በመካከለኛ ወይም በአጭር ሞገድ ላይ "ጭር... ጭርር" የሚል ከተሰማ፣ ከአድማስ ወዲያ ነጎድጓድ አለ ማለት ነው። ይህን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ነው። "ጋዜጠኛው ሳይሆን ጭርጭርታው ነው የሚነግረኝ" አለኝ። ፊዚክሱ ከጎኑ ነው። ኤፍ ኤም ላይ ግን አይሠራም፤ ኤፍ ኤም የተፈለሰፈውም ያንን ጩኸት ለማጥፋት ነው።

የሩቅ ጣቢያ ማታ ማታ ለምን ይጠራል?

ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐይ አየሩን እየመታች ኤሌክትሪክ እንዲኖረው ታደርገዋለች። ቀን ቀን የታችኛው ንብርብር ሞገዱን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል፤ የላይኛው ግን ይቆያል፣ ሞገዱንም እንደ መስታወት ይመልሰዋል። ከዚያ በአንድ ምሽት ካይሮ፣ ሞስኮ፣ ለንደን ይገባሉ። መርፌውን በፀጉር ስፋት ብታንቀሳቅሱት ሌላ ሀገር ናችሁ።

በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ በድብቅ ይሰማ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጋቢ ተከናንቦ፣ ሬዲዮውን ጆሮ ሥር አድርጎ፣ ድምፁን እንደ ሹክሹክታ ዝቅ አድርጎ። በር ላይ ልጅ ይቆማል። አንዳንዱ ሰው ሰምቶ ሲጨርስ መርፌውን ወደ መንግሥት ጣቢያ መልሶ ነው የሚተኛው። ጠዋት ድንገት የሚገባ ሰው ሬዲዮውን ቢከፍት ችግር የለም።

ሬዲዮ እንግዲህ ሁለት ጠባይ ነበረው። ባለሥልጣኑ በአንድ አፍ ለሁሉ ይናገርበታል። ሰሚው ግን መርፌው በእጁ ነው። ደግሞ ማርሽ ሙዚቃ የተሰማ ዕለት ሁሉም ሰው ጸጥ ይላል። አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ዛሬም የማርሽ ዜማ ሲሰሙ ሆዳቸው የሚፈራ ሰዎች አውቃለሁ።

አዝማሪውን ሬዲዮ ገደለው ይባላል። ትስማማለህ?

አልስማማም። ጎጃምና ጎንደር ያሉ አዝማሪዎች ዛሬም ማሲንቋቸውን ይዘው አሉ። ሬዲዮ የወሰደባቸው አንድ ሥራ ነው፤ ወሬ ነጋሪነቱን። ስድቡን፣ ቅኔውን፣ ስምህን ጠርቶ ፊት ለፊት መሸንቆጡን ሊወስድባቸው አልቻለም። ሬዲዮ ስምህን አያውቅም።

ያደረገው ሌላ ነገር አለ። የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም ሲመጣ ሰው በደብዳቤ ስሙን እያስጠራ ዘፈን ማስመረጥ ጀመረ። "ለእናቴ፣ ለወንድሞቼ፣ ለማትረሳኝ ጓደኛዬ..." እየተባለ ዝርዝሩ ከዘፈኑ ይረዝማል። የሰፈራችን ልጅ አንዴ ስሙ ተጠራ። ለአንድ ወር ያህል አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው።

ስፖርትስ? ኳስ በሬዲዮ ምን ያስደስታል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሕዝብ የነበረው ጆሮው ብቻ ነው። ኳስ በሬዲዮ የሰማ ሰው ሜዳውን ራሱ ይሠራዋል። አባቴ እስከ ዛሬ ስለሰማቸው ጎሎች ሲያወራ በዓይኑ ያየ ነው የሚመስለው።

ትምህርት በሬዲዮ እኛም ተምረናል። ይጠቅም ነበር?

እውነቱን ልናገር፤ እንደ ሬዲዮው ጤንነት ነው። መምህሯ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ሰማንያ ልጅ ጭጭ ይላል። ጣቢያው ጥርት ካለ የእንግሊዝኛ ድርሰቱም መዝሙሩም እስካሁን በጆሮዬ አለ። ካልጠራ ደግሞ ሰላሳ ደቂቃ "ሽሽሽሽ" ተምረን እንወጣለን። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደገና በሬዲዮ ሲሰጥ አየን። ኢንተርኔት በሌለበት መንደር ሌላ ምን አማራጭ አለ?

ሬዲዮ ክፉ ነገር አላመጣም?

አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሩዋንዳ ውስጥ ሚል ኮሊን የሚባል ጣቢያ ተከፈተ። ቀልደኛ ጋዜጠኞች፣ ጥሩ ሙዚቃ፣ ወጣት የሚወደው ጣቢያ። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎችን "በረሮ" እያለ፣ የት እንደተደበቁ እየጠቆመ ለእልቂት ቀሰቀሰ። በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመው ፍርድ ቤት በ2003 ከመሥራቾቹ ሁለቱን ጥፋተኛ ብሏል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሙዚቃው ጥሩ መሆኑ ነው።

አነስ ያለውን ጉዳት ካነሳን ደግሞ፣ ሬዲዮ ሲያወራ ቤተሰብ ዝም ይላል። አያቴ ይህን አትወድም ነበር። "ይሄ እንግዳ መቼ ነው የሚሄደው?" ትል ነበር።

አሁን ሁሉ ሰው ስልክ ይዞ ሬዲዮ ማን ይሰማል?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ ተሳፈሩ። መልሱን እዚያ ታገኙታላችሁ። ፀጉር ቤት ግቡ፣ ጋራዥ ግቡ። ገጠር ደግሞ ዳታ በሌለበት ሬዲዮ አለ፤ የሐዘን ማስታወቂያውም "አፋልጉኝ"ም እዚያው ነው።

ደግሞ ስልኩ ራሱ ሬዲዮ ነው። ቀልድ አይደለም። ስታወሩበት በሬዲዮ ሞገድ ነው ከማማው ጋር የሚነጋገረው። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ጂፒኤስ ሁሉም የሬዲዮ ሞገድ ናቸው። ስልካችሁ ላይ ኤፍ ኤም ስትከፍቱ "ኢርፎን ሰካ" የሚላችሁ ደግሞ ሽቦው አንቴና ስለሚሆንለት ነው።

የአያቴ ሬዲዮ ቆሟል። ይሠራል ወይስ ልጣለው?

አትጣሉት። መጀመሪያ የድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈቱ። አሮጌ ድንጋይ ውስጡ ቀርቶ ከነበረ ፈሶ ሽቦውን አረንጓዴ ወይም ነጭ አድርጎታል። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ጠርጉት፣ አድርቁት፣ አዲስ ድንጋይ ክተቱ። ድምፅ ማስተካከያውን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ አቧራ ገብቶበታል፤ ደጋግሞ ማዞር ብቻውን ያድነዋል። ድምፅ እያለው ጣቢያ ካጣ አንቴናውን እዩ። ኤፍ ኤም የሌለው የድሮ ሬዲዮ ከሆነ የከተማውን ኤፍ ኤም ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ማታ ጠብቃችሁ አጭር ሞገድ ሞክሩ።

እኔ የኛን ቤት ሬዲዮ ጥገና ቤት ወስጄ ነበር። የመጀመሪያው "ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል፣ ዕቃው የለም" አለኝ። ሁለተኛው ከፈተው፣ ወደ ውስጡ እፍ አለበት፣ የሞተ በረሮ በትዊዘር አወጣ፣ አንዲት የተላቀቀች ሽቦ በየደ። ከፈተው። የእህል ዋጋ እየተነገረ ነበር።